ስልካችሁ ሲዘጋ ስንት ቁጥር ታስታውሳላችሁ?

እስቲ ስልካችሁን ገልብጣችሁ አስቀምጡትና የስንት ሰው ቁጥር በቃላችሁ መጥራት እንደምትችሉ ቁጠሩ። (ይህን የምታነቡት በዚያው በስልካችሁ ስለሆነ ንባቡን ከጨረሳችሁ በኋላም ይሆናል።) የራሳችሁ አይቆጠርም።

ይህንኑ ጥያቄ አኖ ላይ፣ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት በር ላይ ለተቀመጡ አምስት ወጣቶች አቅርቤላቸው ነበር። አኖን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ስትጓዙ ባኮን አልፋችሁ ሲሬ ሳትደርሱ የምታገኟት የጎቡ ሰዮ ወረዳ ከተማ ናት። ከአምስቱ ሦስቱ የእናታቸውን ቁጥር ያውቃሉ፤ በቃ፣ ሌላ የለም። አራተኛው የራሱንም ስልኩን ከፍቶ ካላየ አያውቅም። "ሲሙን የቀየርኩት በቅርብ ነው" ብሎ አሳቀን። አምስተኛዋ ልጅ ግን ስምንት ቁጥር እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ አከታትላ ወረወረችው።

ጉራ አልነበረም። በ2012 ጊምቢ ተማሪ ነበረች። ከዚያ ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እኛ ጋ፣ በምሥራቅ ወለጋ፣ ኢንተርኔት የለም፤ ስልክ ደግሞ በትልልቅ ከተሞች ብቻ ነበር። የልጅቷ ስልክ በዚያው ሰሞን ወድቆ ስክሪኑ ጠፋ። እናቷ ነቀምቴ ናቸው። ታዲያ ምን አደረገች? ወደ ነቀምቴ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር ብጫቂ ወረቀት ላይ "ደህና ነኝ፣ አታስቡ" ብላ ጽፋ፣ ከሥሩ የእናቷን ቁጥር ጨምራ ትልክ ነበር። መንገደኛው ነቀምቴ ሲደርስ ይደውላል። ቁጥሩን በቃሏ ባታውቀው ኖሮ እናትየው ሦስት ወር ሙሉ "ልጄ አለች ወይስ የለችም?" እያሉ ሊከርሙ ነበር። ከዚያ ወዲህ የስምንት ሰው ቁጥር በቃሏ ይዛለች።

እኔም ስለ ድሮ ሙያዎች ሳስብ የምነሣው ከዚህ ነው። "ድሮ ቀረ" ብዬ ላላዝን አልፈልግም። ኔትወርኩ፣ መብራቱ፣ ውሃው አንድ ቀን ይቆማል፤ ወለጋ ላይ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ያን ቀን ምን ታውቃላችሁ? ጥያቄዬ ይሄው ነው።

ገንዘቡንም አስቡት። ቴሌብር ከመጣ፣ ከግንቦት 2013 ወዲህ ማለት ነው፣ ብዙ ወጣት ኪሱ ውስጥ አሥር ብር ሳይኖረው ከቤት ይወጣል። ሲሠራ ደስ ይላል። ኔትወርክ የጠፋ ቀን ግን ባጃጅ ላይ ወጥቶ መውረጃው ሲደርስ ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሣ የሚለማመጥ ጎረምሳ አይቻለሁ። ሾፌሩ "ወንድሜ፣ ሰማዩ አይከፍለኝም" አለው።

አሁን ወደ እሳቱ ልግባ፤ ረዘም አድርጌ ማውራት የምፈልገው ስለ እሱ ነው።

በየቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገብቷል። ጥሩ ነው፤ ከጢስ አረፍን። ሊጡ ኩፍ ብሎ መብራት ሲጠፋ ግን ሰፈሩ ሁሉ "ማን ቤት ከሰል አለ?" ይባባላል። ጎረቤታችን አዴ (በኦሮምኛ ትልልቅ ሴቶችን የምንጠራው እንዲህ ነው) በእንዲህ ያለ ቀን ይስቁብናል። እሳቸው ቤት እሳት አይጠፋም። ማታ ምግቡ ከበሰለ በኋላ ትልልቁን ፍም ወደ መሃል ሰብስበው አመድ ያለብሱታል። ማዳፈን የሚባለው ይህ ነው። አመዱ አየሩን ስለሚቀንስበት ፍሙ ቶሎ ነዶ አያልቅም፤ ጨርሶም አይሞትም። ጠዋት አመዱን ገለጥ፣ ጭራሮ ጣል፣ እፍ፣ ነደደ። ክብሪት አያባክኑም። ድሮ እኮ እሳት የጠፋበት ሰው ገል ይዞ ጎረቤት ሄዶ "እሳት ልጫር መጣሁ" ይል ነበር። ያዳፈነ ለሌላውም ይተርፋል።

ይህን ያየ አንድ ተከራይ ወጣት፣ "እኔም ክፍሌ ውስጥ አዳፍኜ ልደር፤ ሌሊቱ ይበርዳል" አለ። አዴ ፊታቸው ተለወጠ። "ልጄ፣ የእኔ እሳት የሚያድረው ማድ ቤት ነው። አንተ የምታድረው የት ነው?" አሉት።

ልብ በሉ። እሳቱ የድሮ ነው፣ ቤቱ ግን አዲስ ነው። የድሮው ቤት ሣር ክዳኑም ግድግዳውም ስንጥቅ ስላለው ይተነፍሳል፤ ማድ ቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው። (ለዓይንና ለሳንባ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ከእሳት ሥር ያረጁ እናቶችን ዓይን ማየት ይበቃል።) የዛሬው ኪራይ ክፍል ግን ሲሚንቶ ነው፣ ኮርኒስ አለው፣ አንድ በርና አንድ ትንሽ መስኮት፤ ብርድ እንዳይገባ የበሩም ሥር በጨርቅ ይደፈናል። እዚያ ውስጥ ከሰል ይዞ መተኛት ሞት ነው። ከሰል ጢሱ ካለቀና ከቀላ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ አያስል። ከደም ጋር ተጣብቆ የኦክስጅንን ቦታ ይወስዳል። አመድ የለበሰ ፍምም ያው ነው፤ እንዲያውም አየር አጥሮት የሚጨስ እሳት ይህን ጋዝ ያበዛል። የነቃ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። የተኛ ሰው ግን ምንም ሳይሰማው እንደተኛ ይቀራል። እንዲህ የሞተ ሰው ታሪክ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ከሰል ስታቀጣጥሉ ውጭ ይሁን፤ ቤት ካስገባችሁት በርና መስኮት ክፈቱ፤ ስትተኙ ምድጃው ከክፍሉ ይውጣ። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ጉንፋን ነው አትበሉ፤ መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ሙያው ሲወረስ ማስጠንቀቂያውም አብሮ መወረስ አለበት፤ ቪዲዮ አይቶ የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ይህ ነው።

ደግሞ የጠፋ ሁሉ ይመለስ የሚል ሰው ካለ እኔ የለሁበትም። የድንጋይ ወፍጮ ይቅርብን! ሴቶች ተንበርክከው እህል ሲፈጩ የሚያድሩበትን ዘመን የሚናፍቅ ሰው ራሱ ፈጭቶ አያውቅም። ዘር መምረጥንም እዩት። ገበሬው ድሮ ምርጥ ምርጡን የበቆሎ ራስ ለይቶ ከጭስ በላይ ሰቅሎ ለዘር ያቆይ ነበር። ባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል እነ ቢኤች-660ን (ቢኤች ማለት ባኮ ሃይብሪድ ነው) ካወጣ በኋላ ምርቱ አደገ፤ ነገር ግን ከዲቃላ በቆሎ የተቀመጠ ዘር በዓመቱ ያን ያህል ስለማይሰጥ ዘሩን በየዓመቱ መግዛት ግድ ሆነ። አተረፍን ወይስ ከሰርን? በእኔ ግምት አትርፈናል። ግን የማዳበሪያና የዘር ወረፋ ላይ የቆመ ገበሬ ሌላ መልስ ሊሰጣችሁ ይችላል።

ቅቤ ማንጠርን ግን ተማሩ፣ ወንዶችም ጭምር። ፍሪጅ አይጠይቅም። ቅቤ የሚበላሸው ውስጡ ባለው ውሃና የወተት ዝቃጭ ነው። በቀስታ እሳት ሲነጠር ውሃው ተንኖ ይወጣል፣ ዝቃጩ ከሥር ይቀራል፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ገብቶበት ተጠልሎ በንጹሕ ዕቃ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል። መቼ እንደሚወርድ ሰዓት አይነግራችሁም። አዴ የሚያዳምጡት በጆሯቸው ነው፤ ሲንተከተክ የነበረው ጸጥ ሲል ውሃው አልቋል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከቆየ ያርራል። አንጮቴ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በዚህ ቅቤ ሲቀርብ ለመስቀል የወለጋ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። አበላሉን ማለቴ ነው፤ አሠራሩን ስንቶቻችን?

ዶሮም አለላችሁ። ታርዶ፣ ተገፎ፣ በፌስታል ታስሮ ከሱቅ ይገዛል። አሥራ ሁለት ብልት ማውጣት ግን አሁንም ከየቤቱ በአንድ ሰው እጅ ላይ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እያረጀ ነው። ለፋሲካ የአክስቴ ልጅ፣ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት፣ "ዘንድሮ እኔ ነኝ" ብሎ ተነሣ። ቪዲዮውን አስቀድሞ ዳውንሎድ አድርጎታል፤ መብራትም ኔትወርክም እንደማይታመን ያውቃላ! ላባውን በፈላ ውሃ ነክሮ ነጨ፣ በሎሚና በጨው አጠበ፣ ከዚያ ስልኩን ሽሮ ማሰሮ ላይ አስደግፎ መገነጣጠል ጀመረ። አጥንት ላይ በቢላዋ ሲታገል አክስቴ አላስቻላትም። እጁን ይዛ ጣቱን መገጣጠሚያው ላይ አሳረፈችለት። "እዚህ ጋ ቢላዋ አያስፈልግህም፣ ራሱ ይከፈትልሃል" አለችው። ተከፈተ። ሲቆጥር አሥራ አንድ ሆነ። እንደገና ቆጠረ። አሥራ አንድ። አክስቴ እየሳቀች መቋደሻውን ከፈረሰኛው ለየችለት፤ ስልኩ ያን ጊዜ ባትሪው አልቆ ከጠፋ ቆይቷል።