በቆቦ ሜዳ ሥር የጠጠሩና የሸክላው ወሰን እንዴት ይታወቃል?

የቆቦ ሜዳ በምዕራብ በደጋው፣ በምሥራቅ በዞብል ተራራ የታጠረ ነው። የራያ ገበሬ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው እየጠለፈ ማሽላና ጤፍ ሲያመርት ኖሯል። ዝናብ በቀረበት ዓመት ግን ጎርፉም ይቀራል፤ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ አይዘነጋም። ከ1990ዎቹ ወዲህ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በሞተር እየተሳበ ለመስኖ መዋሉ ታላቅ ርምጃ ነው።

ሆኖም ውኃው በሜዳው ሥር እኩል አልተኛም። ጎርፍ ያወረደው ቋጥኝና ጠጠር በተራራው ግርጌ ሲቀር፣ ደለሉና ሸክላው እየራቀ ይሄዳል። ጠጠር ውኃ ያሳልፋል፤ ሸክላ ግን ውኃ ቢይዝም ለጉድጓድ አይለቅም።

ይህን ወሰን ሳይቆፍሩ ለመገመት ከሚያስችሉት ዘዴዎች አንዱ የኤሌክትሮማግኔት ጥናት ነው። ባለሙያዎች በመሬት ላይ ሽቦ በአራት ማዕዘን ዘርግተው ኤሌክትሪክ ይለቁበትና በድንገት ያቋርጡታል። በዚህ ጊዜ በምድር ውስጥ የሚቀሰቀሰው ኤሌክትሪክ እየከሰመ ሲሄድ መሣሪያው ይመዘግበዋል። ሸክላ ወይም ጨዋማ ውኃ ባለበት ቀስ ብሎ፣ ደረቅ ጠጠርና ጽኑ ድንጋይ ባለበት ፈጥኖ ይከስማል። መጀመሪያ የተመዘገበው የላይኛውን፣ የዘገየው የጥልቁን መሬት ጠባይ ያመለክታል።

መሣሪያው ግን የሚለካው ኤሌክትሪክን እንጂ ውኃን አይደለም። አፈር ኤሌክትሪክን የሚገታበት መጠን በኦም ሜትር ይለካል። 5 ኦም ሜትር የሆነ የ10 ሜትር ሸክላና 10 ኦም ሜትር የሆነ የ20 ሜትር ሸክላ በመዝገቡ ላይ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን የወሰኑ ጥልቀት በ10 ሜትር ይዛባል፤ የቁፋሮውና የቧንቧው ወጪም አብሮ ይዛባል። ጨዋማ ውኃ ያዘለ ጠጠርም ሸክላ መስሎ ይታያል። በመሆኑም «እዚህ ይቆፈር» ከመባሉ በፊት ውጤቱ ቀድሞ ከተቆፈረ ጉድጓድ ጋር መመሳከር አለበት።

የማመሳከሪያው ብዙው ክፍል በገበሬው ዘንድ ይገኛል። በስንት ክንድ ጠጠር እንደተገኘ፣ በስንት ክንድ ጭቃ እንደመጣ፣ ውኃው ጨው ጨው ይል እንደሆነ የሚያውቁት ጉድጓዱን በእጃቸው የቆፈሩ ሰዎች ናቸው። ስለ ደረቀ ጉድጓድ ማውራት ማንንም ደስ አይለውም፤ ለባለሙያው ግን ከሞላው እኩል ይጠቅመዋል። ስለዚህ የጥናት ቡድን ሲመጣ የቀበሌና የውኃ ተጠቃሚ ማኅበራት መሪዎች እነዚህን ሰዎች አስቀድመው ማገናኘት ይኖርባቸዋል። የኤሌክትሪክ መስመር፣ የሽቦ አጥርና የተቀበረ የብረት ቧንቧ ልኬቱን ስለሚያበላሹ ያሉበትን ቦታ መጠቆም፣ እረኞችም በዚያን ቀን ከብቶቻቸውን ከተዘረጋው ሽቦ እንዲያርቁ መንገር ያስፈልጋል።