«ሃያ አምስት» ለምን 205 ይሆናል?

የምሥራቅ እስያ ልጆች በሒሳብ የሚበልጡት ቋንቋቸው ስለሚያግዛቸው ነው፤ የእኛዎቹን ግን ቋንቋቸው ይጎትታቸዋል የሚለው ወሬ አልበርድ ብሏል። የወሬውን የመጀመሪያ ግማሽ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የማልኮም ግላድዌል መጽሐፍ፣ «አውትላየርስ»፣ ለብዙ አንባቢ አድርሶታል። ሁለተኛው ግማሽ ግን በአማርኛ ቆጥሮ ካላየ ሰው የመጣ ነው።

ቻይንኛ 11ን «አሥር አንድ» ይላል። አማርኛስ? «አሥራ አንድ»። አሥሩን በ«ኢለቨን» እና በ«ትዌልቭ» የሚደብቀው እንግሊዝኛ ነው። አማርኛ የሚያደናግረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰማንያ ስምንትን፣ ዘጠና ዘጠኝን ያስታውሳል፣ ሃያ ግን ሁለትን አያስታውስም። በይፋት፣ በካራቆሬ ገበያ፣ ከአማርኛው ጋር የሚሰማው ኦሮምኛም ከዚህ አያመልጥም፤ በአርባ፣ በ«አፉርታማ»፣ ውስጥ አራት («አፉር») ቢሰማም፣ በሃያ፣ በ«ዲግዳማ»፣ ውስጥ ሁለት («ላማ») የለም።

ይህ ግን ትንሹ ችግር ነው። ዋናው የሚታየው ጀማሪ ተማሪ «ሃያ አምስት ጻፍ» ሲባል 205 ብሎ ሲጽፍ ነው። ልጁ አልሰነፈም፤ የሰማውን በታማኝነት ጽፏል፤ መጀመሪያ ሃያ፣ ቀጥሎ አምስት። በግእዝ አኃዝ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበር፤ ፳ እና ፭ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ፳፭ ይሆናሉ። ፳ የትም ብትቀመጥ ሃያ ናት፤ ዜሮም አያስፈልጋትም። በ25 ውስጥ ያለችው 2 ግን ሃያነቷን ያገኘችው ከቦታዋ ብቻ ነው። ቦታ ብትቀያየር፣ 52 ላይ፣ ሁለት ብቻ ትሆናለች። ቁጥርን ገና በጆሮው የሚያውቅ ልጅ ይህን ሕግ ከየት ይሰማዋል? አይነገርማ!

ስለዚህ መታየት አለበት። በይፋት ቆላ የማሽላ አገዳ ሞልቷል፤ በአጭር በአጭሩ ቆርጦ አሥር አሥሩን ማሰር ይቻላል። ሁለት እስር በአሥር ቤት፣ አምስት ነጠላ በአንድ ቤት ይቀመጣል። ለ205ቱ ስሕተት ግን የሞንቴሶሪ የቁጥር ካርዶች ይበልጥ ይረዳሉ፤ ሰፊው ካርድ ላይ 20፣ ጠባቡ ላይ 5 ይጻፋል፣ ጠባቡ በዜሮዋ ላይ ይደረባል። ልጁ 25ን ያነባል፤ አምስቷን ሲያነሳ ሃያው ሙሉ ሆኖ ይጠብቀዋል። ዜሮዋ የት እንደገባች በዓይኑ አየ ማለት ነው።

የቋንቋው ክርክር ራሱ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዋ አይሪን ሚዩራና ባልደረቦቿ የእስያ ልጆች እንደ 42 ያለውን ቁጥር በአራት አሥሮችና በሁለት አንዶች፣ አሜሪካውያኑ ግን በ42 ነጠላዎች መሥራት እንደሚቀናቸው አሳዩ። ሳክስተንና ታውስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝና በጃፓን ልጆች ላይ ሲፈትሹት፣ በአሥሮቹ መጠቀም እንደሚቻል አስቀድሞ በምሳሌ ሲታይ ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ። ቋንቋ ድርሻ ቢኖረው እንኳ ማስተማር ይደርስበታል ማለት ነው።

እስሩም ቢሆን ተቃዋሚ አለው። ተመራማሪዋ ኮንስታንስ ካሚ «አሥር» በልጁ አእምሮ ውስጥ የሚገነባ እንጂ ከቁሳቁስ የሚቀዳ አይደለም ትላለች፤ የቦታ ዋጋን በአንደኛ ክፍል ማጣደፍንም ትቃወማለች። ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ለምሳሌ ካረን ፉሰን፣ በደንብ የተመራ ቁሳቁስ ይረዳል ባዮች ናቸው። በአንድ ነገር ግን የካሚ ፈተና ለማንኛውም መምህር ይበጃል፦ ልጁን 16 ጠጠር ማስቆጠር፣ 16 ብሎ መጻፍ፣ ከዚያ 6ቱ የትኞቹ ጠጠሮች እንደሆኑ መጠየቅ። ስድስቱን ያሳያል። ቀጥሎ ወደ 1 እያመለከቱ «ይህችስ?» ማለት ነው። አንድ ጠጠር ብቻ ካነሳ፣ 16ን አሳምሮ መጻፉ ገና አሥርን አላስጨበጠውም።