የለቀምቲ ቡና ዋጋ የሚቆረጠው በማንኪያ ነው

በለቀማ ወራት ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ አካባቢ ቆሞ የቡና ግብይት የተመለከተ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። ሰብሳቢው እጁን ጆንያው ውስጥ ይሰዳል፤ ጀንፈሉን ጨብጦ ያንኮሻኩሻል፤ አንድ ሁለቱን ፈልፍሎ ፍሬውን በጥርሱ ይሰብርና ዋጋ ይጠራል። ባለቡናውም ጥቂት ያንገራግርና ቡናው ሚዛን ላይ ይወጣል። ክርክሩ ሁሉ በኪሎው ላይ ነው። ስለ ጣዕሙ አንድም ቃል የተናገረ የለም።

ይኸው ቡና ግን ጥቂት ቀናት ቆይቶ ጊምቢ ወይም አዲስ አበባ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። በዚያ የሚጠብቀው በእጁ ማንኪያ የያዘ ቀማሽ ነው። ለመሆኑ ይህ ሰው ምን ፈልጎ ይቀምሳል? ባለቡናውስ ቡናው ከእጁ ሳይወጣ ቀማሹ የሚያገኘውን ቀድሞ ሊያውቅ ይችላል?

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። የወለጋ ቡና በውጭ ገበያ የሚታወቀው ለቀምቲ በሚለው የነቀምቴ የቀድሞ አጠራር ነው። ከምሥራቅና ከምዕራብ ወለጋ፣ ከቄለምም የሚመጣው ቡና በዚህ ስም ይሸጣል። ንግዱም የትናንት አይደለም። በ1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከፈቀደ በኋላ፣ የወለጋና የኢሉባቦር ቡና ከጋምቤላ በእንፋሎት መርከብ እየተጫነ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር።

የለቀምቲ ቡና ፍሬው ተለቅ ያለ፣ ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው። ገዢዎች የሚፈልጉት ግን ለመልኩ ብለው ሳይሆን ሲጠጣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ስለሚል ነው። አብዛኛው ሳይታጠብ ከነቅርፊቱ የሚደርቅ በመሆኑ፣ ያ የፍራፍሬ ቃና ከሥጋው ወደ ፍሬው እየሰረገ ይገባል ይባላል። ይሁንና ለቀምቲ ወደ ውጭ ሲላክ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው አራተኛ ወይም አምስተኛ ደረጃ ሆኖ ነው። በቆየው የላኪዎች አሠራር አራተኛ ደረጃ ማለት በ300 ግራም ናሙና ውስጥ ከ26 እስከ 45 የሚደርስ እንከን ያለው ቡና ነው። በሌላ አነጋገር ጣዕሙ ተፈልጎ፣ አያያዙ ዋጋውን ይጎትተዋል ማለት ነው። ገንዘቡ የሚፈስሰው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ደረጃ አወጣጡ እንምጣ። ናሙናው ሲቀርብ እርጥበቱ ይለካል፤ ከ11.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። ቀጥሎ በ14 ቁጥር ወንፊት ይነፋል፤ ቢያንስ 85 በመቶው ከወንፊቱ በላይ መቅረት አለበት። ለቀምቲ ፍሬው ትልቅ ስለሆነ በዚህ በኩል ብዙም አይቸገርም። ከዚያ በኋላ ነጥብ ይሰጣል። ላልታጠበ ቡና ከመቶው 40 ነጥብ ለጥሬው ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ 30ው ለእንከን፣ 10ሩ ለሽታ ነው። የቀረው 60 የሲኒው ድርሻ ነው፤ ለንጽሕና፣ ለአሲዳማነት፣ ቦዲ ለሚሉት ክብደትና ለጣዕም እያንዳንዳቸው 15 ነጥብ ይያዝላቸዋል።

አንባቢ ይህን ስሌት ልብ ይበል። ዓይን የሚፈርደው 30ውን ነጥብ ብቻ ነው። ሰባው የአፍንጫና የአፍ ነው። ቡርቃ ጃቶ ላይ ዋጋ የተቆረጠው ግን በዓይንና በእጅ ነበር። ሰብሳቢው የማያውቀውን ነገር ሲገዛ ለጥንቃቄ ብሎ ዋጋውን ዝቅ ማድረጉ አይቀርም። ስለዚህ የጥሩ ቡና ባለቤት ለመጥፎው ጎረቤቱም ጭምር ይከፍላል ብንል ከእውነት አንርቅም።

ቅምሻው ራሱ ምስጢር የለውም። ቡናው ለስለስ ተደርጎ ይቆላል፤ ካደረ በኋላ ሻካራ ተደርጎ ይፈጫል። ለአንድ ብርጭቆ 8 ግራም ያህል ዱቄት ተደርጎ 150 ሚሊ ሊትር ውኃ ይጨመርበታል። ውኃው 93 ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይገባል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በዚሁ ሙቀት አካባቢ ነው። የሌላ አገር ቀማሽ በቴርሞሜትር የሚፈልገውን፣ የነቀምቴ ሰው ከጀበናው በቀጥታ ያገኘዋል። አራት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ከላይ የተንሳፈፈው በማንኪያ ጀርባ ይገፋል፤ በዚያች ቅጽበት አፍንጫን ጠጋ አድርጎ ማሽተት ነው። አረፋው ተጠርጎ ጥቂት ሲበርድ በማንኪያ ተቀድቶ በኃይል ይሳባል። በቤታችን ድምፅ አሰምቶ መጠጣት ነውር ነው፤ እዚህ ግን ሙያ ነው፤ ቡናው በመላው አፍ ተበትኖ ሽታው ወደ አፍንጫ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። ቀማሹ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ደጋግሞ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ትኩስ ቡና ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል።

ስለ አቆላሉ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። እኛ ቤት ቡና የሚቆላው ጠቆር እስኪል ነው፤ ሲጠጣም እንደየቤቱ ጨው፣ ቅቤ ወይም ጤና አዳም ይገባበታል። ወለጋ ደግሞ ቡናን በቅቤ አብስሎ የሚበላ፣ ቡና ቀላን የሚያውቅ አገር ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ግን ለመመርመር አይሆንም፤ ጥቁረቱም ቅቤውም ጉድለቱን ይደብቁታል። የስኮትላንድ ዊስኪ ቀማሾችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። ቢያንስ 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ፣ ውኃ ጨምረው ወደ 20 በመቶ ገደማ ያወርዱትና በአብዛኛው ሳይጠጡት በማሽተት ብቻ ይፈርዳሉ። ለስለስ ያለው ቆሌታ ለቡና የሚሠራው፣ ውኃው ለዊስኪ የሚሠራውን ነው።

ምን ምን ይገኛል? በለቀምቲ ላይ ዋናው ጭንቅ በፍራፍሬና በቡካት መካከል ያለው ድንበር ነው። ቀይ እሸት ተለቅሞ በአልጋ ላይ ስስ ሆኖ ሲደርቅና በየጊዜው ሲገላበጥ ጣፋጭ የፍራፍሬ ቃና ይሰጣል። ያው እሸት ግን በጆንያ ታጭቆ ሁለት ቀን ካደረ፣ ወይም ወፍራም ሆኖ ከተሰጣ ይሞቃል፤ ይቦካል። ጀንፈሉ ከደረቀ በኋላ ሁለቱን በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው፤ በማንኪያ ግን ወዲያው ይለያሉ። ጥሩው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይጣፍጣል፤ የቦካው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ጉሮሮ ይይዛል፣ እንደ ሰነበተ ጠላ ይላል። መሬት ላይ የደረቀው አፈር አፈር ይላል። ሳይበስል የተሸመጠጠው አፍ ያደርቃል። አንዲት የበሰበሰች ፍሬ አንድ ብርጭቆ ታበላሽና ሌላውን ትተዋለች፤ ለዚህም ነው ከአንድ ናሙና አምስት ብርጭቆ የሚቀዳው።

ጭስም አለ። አይላ በተባለችው የስኮትላንድ ደሴት ብዙዎቹ ዊስኪ ጠማቂዎች የገብሱን ብቅል በአተላ አፈር ጭስ ያደርቁታል፤ ጠጪውም ለዚያ ጭስ ብሎ ይከፍላል። ጭስ ያለበት ቤት ቆጥ ላይ የከረመ ቡና ግን ጭሱን ጠጥቶ ሲመጣ እንደ ነውር ይቆጠርበታል። ዕድሜም እንዲሁ ነው። ዊስኪ ቢያንስ ሦስት ዓመት በኦክ በርሜል ካልቆየ ስኮች አይባልም፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ዕድሜም የትንሹ ዊስኪ ነው። ቡና ግን በመክረም አይከብርም። ዋጋ ይጨምራል ተብሎ ወደሚቀጥለው ዓመት የዞረ ቡና እንጨት እንጨት ይላል፤ ቀማሹም ያለፈ ዓመት መሆኑን ሳይነገረው ያውቃል።

ይህን ማወቅ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይጠቅማል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና ከጨረታው ወጥቶ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ሲሸጥ፣ የአንዱ ቡና በአካባቢና በደረጃ ከሌላው ጋር ይመደብና የባለቤቱ ስም ይጠፋ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ ወዲህ ግን አቅራቢው በቀጥታ ከላኪ ጋር የሚገናኝበት በር ተከፍቷል። የባለቤት ስም ከጣዕም ጋር ሲሄድ ምን እንደሚያመጣ በ2012 ዓ.ም. ታይቷል፤ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ አውጥቷል። እርግጥ እንዲህ ያለው ዋጋ የጥቂት ጆንያዎች ዕጣ ነው፤ ሁሉም ያገኘዋል ብሎ ማስላት ሞኝነት ነው። ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ መንግሥት በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲንቀሳቀስ ለቀምቲ ከሦስቱ መካከል አልነበረም። ስለዚህ የወለጋ ባለቡና በስሙ ሳይሆን በብርጭቆው መከራከር ይኖርበታል።

ለክርክሩ ደግሞ ምስክር ያስፈልጋል። ከአንዱ ክምር አምስት ስድስት ቦታ፣ ከላይም ከታችም ተዝቆ የተቀላቀለ ናሙና ሁለት ቦታ ይከፈል። አንዱ ከባለቡናው ዘንድ ይቀመስ። ሌላው በንጹሕና በደረቅ ዕቃ ታሽጎ፣ የተለቀመበት ቀንና የደረቀበት ስፍራ ተጽፎበት፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ የደረጃው ውጤት ሲመጣ ከዚያው ቡና አምስት ብርጭቆ እንደገና ይቀዳበታል።