መሶብ ደረሰኝ የለውም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ቤዝመንታቸውን በአንድ ኩባንያ በኩል ለአጭር ቀናት የሚያከራዩ እናት ቡና ጠርተውኝ ነበር። ግድግዳው ላይ የተረጨው ቀይ ወይን ገና አልለቀቀም። እሳቸውን ያንገበገባቸው ግን መሶባቸው ነው። እናታቸው ጎንደር ሆነው በአለላ የሰፉትን መሶብ እንግዶቹ የሲጋራ መተርኮሻ አድርገውት ሄደዋል። «ሶፋውንስ ከፈሉኝ ልጄ» አሉኝ። «ለመሶቡ ደረሰኝ አምጪ አሉኝ። ለእናቴ እጅ ማን ደረሰኝ ይቆርጥልኛል?»

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አልተወኝም። እነዚህ ኩባንያዎች ለአከራዮች የሚገቡት በሚሊዮን ዶላር የሚጠራው ዋስትና ቤቱ የተጎዳበት ሰው ዘንድ ሲደርስ ለምን እንዲህ ይመነምናል?

የዋስትናው ታሪክ የሚጀምረው በ2011 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። ቤት አከራይንና እንግዳን በኢንተርኔት የሚያገናኘው ኤርቢኤንቢ ሥራ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነበር። ለሥራ ከከተማ የወጣች አንዲት ሴት አፓርታማዋን በእሱ በኩል አከራይታ ስትመለስ ቤቷ ተመዝብሮ ጠበቃት። ተከራዮቹ የተቆለፈ ቁምሳጥን በር በስተው ፓስፖርቷን፣ ጥሬ ገንዘቧን፣ ክሬዲት ካርዷንና የአያቷን ጌጥ አግኝተዋል፤ እሳት ምድጃው ውስጥ ክምር ነገር አቃጥለው ቤቱን አመድ አልብሰውታል። ሴትየዋ የደረሰባትን በይፋ ጻፈች። ኩባንያው በዚያው ሰሞን ከባለሀብቶች 112 ሚሊዮን ዶላር አሰባስቦ፣ ዋጋው 1.3 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበርና ወሬው በአንድ ጊዜ ዓለምን አዳረሰ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ብራያን ቼስኪ ነሐሴ ላይ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ፤ እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ ዋስትናም አወጁ። በ2012 መጠኑ 1 ሚሊዮን ሆነ። በ2021 «ኤርከቨር» የሚባል ስም ወጣለት፤ በ2022 መጨረሻ 3 ሚሊዮን ደረሰ።

ዋስትናው ኢንሹራንስ አለመሆኑን ኩባንያው ራሱ በውሉ ላይ ጽፎታል። አከራዩ ጥያቄውን እንግዳው ከወጣ በ14 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። መጀመሪያ የሚጠየቀው እንግዳው ራሱ ነው፤ 24 ሰዓት ይሰጠዋል። አልከፍልም ካለ ወይም ዝም ካለ ነው ኩባንያው የሚገባው፤ ያኔም ፎቶ፣ ደረሰኝ፣ የጥገና ዋጋ ግምት ይጠይቃል። ጥሬ ገንዘብና በአገልግሎት ብዛት ያረጀ ዕቃ አይካስም። ተፎካካሪው ቪርቦ የሚያስተዋውቀው የ1 ሚሊዮን ዶላር መድን ደግሞ አከራዩ ሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት ሲጠየቅ የሚያገለግል እንጂ የራሱን ሶፋ የሚተካ አይደለም።

እኔን የሚከነክነኝ ዳኛውም ከፋዩም አንድ መሆኑ ነው። ኢንሹራንስ ድርጅት ካሳ ሲከለክል በየስቴቱ አቤት የሚባልበት መሥሪያ ቤት አለ። እዚህ ግን በአሜሪካ ያለ አከራይ ከኤርቢኤንቢ ጋር ቢከራከር ውሉ የሚመራው በአብዛኛው ወደ ግልግል ዳኝነት ነው። የሌላ ኩባንያ የካሳ ክፍል ባልደረባን ከሚቀርቡላችሁ ጥያቄዎች ስንቱን ትከፍላላችሁ ብዬ ጠይቄው ነበር። «እያንዳንዱን ጉዳይ ለብቻው ነው የምናየው» አለኝ። ደግሜ ብጠይቀው ያንኑ ደገመልኝ።

ማስረጃ መጠየቁ በራሱ ጥፋት አይደለም። በ2025 ማንሃተን ውስጥ አንድ አከራይ ከ12,000 ፓውንድ በላይ ካሳ ጠይቆ ነበር። ከለንደን የሄደችው ተከራይ የቀረቡት የጠረጴዛ ፎቶዎች እርስ በርስ እንደማይመሳሰሉና በኮምፒውተር የተነካኩ እንደሚመስሉ አሳየች። ኤርቢኤንቢ መጀመሪያ ለአከራዩ ፈርዶ ነበር፤ የከፈለችውን ኪራይ ሙሉ በሙሉ የመለሰላት ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ከጠየቀ በኋላ ነው። ፎቶ አምኖ የሚከፍል፣ የእጅ ሥራ ሲቀርብለት ግን ደረሰኝ የሚል አሠራር ሁለቱንም ወገን ይጎዳል። መሶብ የሚያውቅ ገማች መጠየቅ ለእነዚህ ኩባንያዎች የሚከብድ ወጪ አይደለም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት የቤታቸውን ኢንሹራንስም ጠይቀው ነበር። ለኪራይ የዋለ ክፍል በውሉ አይሸፈንም ተባሉ። «ሁለቱም ደብዳቤ ላኩልኝ። በትሕትና ነው የጻፉት፣ ሁለቱም እናዝናለን ይላሉ» አሉኝ። የቤቱ ዕዳ ገና 11 ዓመት ይቀረዋልና ቤዝመንቱን ማከራየት አላቆሙም።