የሕዝብ ራዲዮና የሐረር ገበያ

የዛሬው ንግግራችን የሕዝብ የሚባል ራዲዮ በእውነት ሕዝቡ ዘንድ ደረሰ የሚባለው መቼ እንደ ሆነ ነው። ለምሳሌ የመረጥነው ሐረርን ነው። ከጥንት ጀምሮ አምስት በሮች ባሉት የጀጎል ግንብ የተከበበች ከተማ ስለ ሆነች፣ ድምፅ ከውጭ ወደ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ለመመርመር ትመቻለች።

ቀድሞ ዐዋጅ የሚሰማው ነጋሪት ተጐስሞ በገበያ ላይ ነበረ። በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ያስጀመሩት የስልክና የቴሌግራፍ መሥመር ሐረርን ከአዲስ አበባ አገናኘ፤ ርዝመቱም 477 ኪሎ ሜትር ነበረ። ሽቦ ግን የሚያነጋግረው ሁለት ሰዎችን ነው። በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው መናገር የተቻለው ራዲዮ ሲመጣ ነው። የአቃቂው ጣቢያ በዚያው አቆጣጠር በ1935 ተመርቆ፣ በጠላት ወረራ ተቋርጦ፣ ከነጻነት በኋላ በ1941 እንደ ገና ሥራውን ቀጠለ።

ድምፁስ ተራራውን እንዴት ይሻገራል? አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው የአየር ክፍል ተመልሶ ሩቅ አገር ይወርዳል። መካከለኛ ሞገድ ቀን ቀን ምድርን ተከትሎ ይሄዳል፤ ሲመሽ ግን እርሱም ከሰማይ ስለሚመለስ፣ ቀን ያልተሰማው የሩቅ ጣቢያ ማታ ይሰማል (ሁለት ጣቢያዎች ተደባልቀው ጆሯችንን የሚያደክሙትም ስለዚህ ነው)። ኤፍ ኤም የሚባለው ደግሞ እንደ ዐይን እይታ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ጋራ ይከለክለዋል። በአዲስ አበባ የተነገረውን በሐኪም ጋራ ግርጌ በዚህ ሞገድ ለማሰማት በአቅራቢያው ማሠራጫ መትከል ግድ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ድምፁ ግንቡን ቢያልፍ እንኳ ነገሩ አላለቀም። በጊዲር መጋላ በአንድ ጥዋት ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ይሰማሉ። ቅመም የምትሸጥ አንዲት እናት የልጆች ክትባት ቀን በማታውቀው ቋንቋ ቢነበብላት፣ ራዲዮው ተናገረ እንጂ አልተሰማም፤ ሕፃኑም ሳይከተብ ይቀራል። የኢትዮጵያ ራዲዮ ከአማርኛ በተጨማሪ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ ማሠራጨቱ ከዚህ የተነሣ ነው። የሐረሪ ክልልም የራሱን መገናኛ ብዙኃን አቋቁሞ በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይናገራል።

የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በአዋጅ ቁጥር 858/2006 ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆኗል። ይህ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት የቅመም ሻጪቱ መረዳትና አለመረዳት ከዐዋጁ ይልቅ የተሻለ መመዘኛ ነው።

እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ድርሻ አለበት። «ከላይ በተጠቀሰው አግባብ መሠረት» ብሎ የሚጀምር ማስታወቂያ በአማርኛ እንኳ የሚያስቸግር ነው፤ ወደ ሐረሪ ሲመለስማ ምን እንደሚመስል አስተርጓሚው ያውቃል። ቀኑንና ቦታውን በመጀመሪያው መሥመር ጻፉ። ወረቀቱም ዜና ሊነበብ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሳይሆን በዋዜማው ለአስተርጓሚው ይድረስ።