የመኪና ጭስ ወዴት ይሄዳል?

አስፋልት ዳር ሱቅ የከፈተ፣ ልጁን መንገድ ዳር ትምህርት ቤት የሚልክ፣ ተሰልፎ ታክሲ የሚጠብቅ ሁሉ ይህን እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። ከማርሚታ የሚወጣ ጭስ የት እንደሚከማች አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። የካሊፎርኒያ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት “ካላይን” የተባለውን የማስያ ሞዴል ያዘጋጀው ገና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው።

መጀመሪያ የሚወጣው ጭስ ይሰላል። በሰዓት የሚያልፉት መኪኖች ብዛት እያንዳንዱ በኪሎ ሜትር በሚለቀው መጠን ይባዛል። ያረጀ የናፍጣ ሞተር፣ ዳገትና መጨናነቅ ቁጥሩን ያንሩታል።

ቀጥሎ ነፋሱ ነው። ሌላው ሳይለወጥ የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ከቀነሰ፣ በስሌቱ መሠረት የጭሱ ክምችት እጥፍ ይሆናል።

የአየሩ ሙቀትም ይገባበታል። ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ ጠዋት ታች ያለው አየር ከላዩ ይበርዳል። ሞቃቱ አየር እንደ ድስት ክዳን ይገጠምበትና ጭሱ ወደ ላይ መውጫ ያጣል። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ደግሞ በዚሁ ሰዓት ነው።

ግራና ቀኙ ፎቅ የሆነ ጎዳና ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። መንገዱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግቶ ነፋሱ ከምሥራቅ ቢመጣ፣ ጭሱ ወደ ምዕራቡ እግረኛ መንገድ የሚገፋ ይመስለናል። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ነፋሱ የምሥራቁን ፎቅ ጣሪያ ተሻግሮ በምዕራቡ ፎቅ ግድግዳ በኩል ይወርዳል፤ አስፋልቱ ላይ ሲደርስ ዞሮ ጭሱን ይዞ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። ስለዚህ ከምሥራቁ ፎቅ ሥር የተቀመጠችው ቆሎ ሻጭ፣ ከማዶ ካለችው ባልንጀራዋ የበለጠ ጭስ ትተነፍሳለች። የዴንማርክ ተመራማሪዎች ይህንኑ የነፋስ ዙረት የሚያሰላ፣ “ኦኤስፒኤም” የሚባል ሞዴል ሠርተዋል።

ሜዳማ ቦታ ላይ ግን መራቅ ይጠቅማል። ከመንገዱ ጥቂት መቶ ሜትሮች ፈቀቅ ሲሉ ጭሱ እየሳሳ ከቀረው የከተማው አየር ጋር ይቀራረባል።

አዲስ አበባ መንገድ እያሰፋች፣ ፎቅ እየጨመረች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፣ የደቃቅ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። እዚያ ለመድረስ መኪናው መለወጡ ብቻ አይበቃም። የታክሲ ተራ፣ የአውቶቡስ ፌርማታና የመማሪያ ክፍል መስኮት የት እንደሚሆን ሲወሰን ይህ ስሌት ጠረጴዛው ላይ ይቅረብ። የመኪና ቆጠራና የነፋስ መረጃ ካለ መጀመር ይቻላል። ፕላን የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ አደራ፤ ሕንፃው ከቆመ በኋላ መስኮቱን ማዞር አይቻልም።