የአስተዳደር ትምህርትና የመካሪነት ሥራ

«መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» የሚለውን የአባቶች ቃል የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ነገር ግን ምክር በገንዘብ የሚሸጥና የሚገዛ፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው አገር የሚላክ ሥራ ነው ቢባል «ይህ ደግሞ እንዴት ያለ ነገር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ዛሬ የታላላቅ ኩባንያዎችንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አሠራር እየመረመሩ ምክር የሚሰጡ ድርጅቶች በብዙ አገር ቢሮ ከፍተው ይሠራሉ፤ ከመካሪዎቻቸውም ብዙዎቹ በአስተዳደር ትምህርት ዲግሪ የተቀበሉ ናቸው። ይህ ዲግሪ ለመካሪው ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደማይሰጠው ለማስረዳት፣ ሥራውን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆኑትን የአሜሪካዊውን የሚስተር ማርቪን ባወርን ታሪክ ለአንባቢ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሚስተር ባወር የተወለዱት በ1903 ዓ.ም. በኦሃዮ ግዛት ነው። በ1928 ዓ.ም. ከሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርታቸውን ፈጽመው በክሊቭላንድ ከተማ በአንድ የታወቀ የጠበቆች ድርጅት ለመቀጠር ቢያመለክቱ፣ በትምህርት ያገኙት ውጤት አይበቃም ተብለው ተመለሱ። እሳቸውም ተስፋ ሳይቆርጡ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የንግድ አስተዳደር ትምህርት ቤት ገብተው ሁለት ዓመት ተማሩ። በ1930 ዓ.ም. ተመርቀው ሲወጡ ያው የመለሳቸው ድርጅት ተቀበላቸው። እንግዲህ ዲግሪው በመጀመሪያ የተፈለገው የተዘጋ በር ለማስከፈት እንጂ ለመካሪነት አልነበረም።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ትምህርት ቤት ያለውን የማስተማር ዘዴ ልብ ብለህ ተመልከት። ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው በ1908 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከ1919 ዓ.ም. ጀምሮ የመሩት ሚስተር ዋላስ ዶናም ራሳቸው ሕግ የተማሩ ሰው ነበሩ። የሕግ ተማሪ ፍርድ ቤት የፈረደበትን ጉዳይ እያነበበ እንደሚማር ሁሉ፣ የአስተዳደር ተማሪም አንድ ኩባንያ የገጠመውን ችግር እያነበበ እንዲማር አደረጉ። ተማሪው ከክፍል ሳይገባ የኩባንያውን ታሪክ፣ የሒሳቡን ሰንጠረዥና የሥራ አስኪያጁን ጭንቀት አንብቦ ይመጣል። መምህሩም ንግግር በማድረግ ፈንታ አንዱን ተማሪ ጠርተው «አንተ በዚህ ሰው ቦታ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» ይሉታል። ያ ተማሪ ሐሳቡን ሲናገር ሌላው ይቃወመዋል፤ ሦስተኛው ሁለቱም ያላዩትን ቁጥር ያነሣል። ከመጽሐፉ መጨረሻ የተጻፈ መልስ የለም። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት የቆየ ሰው ስለ ብረት ወይም ስለ ጨርቅ ሥራ ሊቅ አይሆንም፤ ነገር ግን በማያውቀው ነገር ፊት ሳይደነግጥ መጠየቅን ይለምዳል። (ይህን የሚጽፈው ሰው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ ሥራ የገባ ስለሆነ፣ ዲግሪን ሲያመሰግን ለራሱ ያደላል አይባልም።)

ሚስተር ባወር ይህን ልማድ ለሥራ ያዋሉት በአስጨናቂ ጊዜ ነበር። በ1929 ዓ.ም. በጀመረው ታላቅ የንግድ ውድቀት ብዙ ኩባንያዎች ዕዳቸውን መክፈል ተሳናቸው። ገንዘብ ያበደሩት ሰዎችም ኮሚቴ እያቋቋሙ ንብረታቸውን ለማዳን ሲሞክሩ፣ ወጣቱ ጠበቃ የኮሚቴዎቹ ጸሐፊ ሆነው ተመደቡ። ጸሐፊ የሆነ ሰው የተባለውን መጻፍ ብቻ ይበቃው ነበር። እሳቸው ግን ከአለቃ እስከ ተራ ሠራተኛ እየዞሩ ኩባንያው ለምን እንደወደቀ መጠየቅ ጀመሩ። ያገኙትም መልስ ለብዙ መሥሪያ ቤት የሚሆን ነው፤ ይኸውም የውድቀቱን ምክንያት ከታች ያሉት ሠራተኞች ቀድመው ያውቁት ነበር፤ ነገር ግን ለአለቃው ደፍሮ የሚነግር አልተገኘም። ጠበቃው ውሉን፣ ባንኩ ብድሩን፣ ሒሳብ መርማሪው መዝገቡን ያያል፤ ሁሉን አንድ ላይ አይቶ፣ ሳይፈራና ሳያደላ ለአለቃው እውነቱን የሚነግር ግን አልነበረም።

በ1933 ዓ.ም. ሚስተር ባወር፣ ቀድሞ የሒሳብ አያያዝ መምህር የነበሩት ሚስተር ጄምስ ማኪንዚ በ1926 ዓ.ም. በቺካጎ ካቋቋሙት ድርጅት ገቡ። መሥራቹ በ1937 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ድርጅቱ ተከፋፈለ፤ ሚስተር ባወርና ባልደረቦቻቸው የኒውዮርኩን ክፍል ይዘው ቀጠሉ። ድርጅቱን በራሳቸው ስም ሊጠሩት ሲችሉ አልፈለጉም፤ ምክንያቱም ስማቸው በበሩ ላይ ከተጻፈ ደንበኛው ሁሉ «ባወር ራሱ ይምጣልኝ» ይላል ብለው ነው። ከሕግ ሙያ የወሰዱትንም ደንብ አጸኑ፤ የደንበኛው ጥቅም ከድርጅቱ ገቢ ይቀድማል፤ ምሥጢሩ አይወጣም፤ እውነቱ ቢያስቆጣውም ይነገረዋል። መካሪዎቹ ጥቁር ልብስና ባርኔጣ እንዲያደርጉ ጭምር ያዙ ነበር። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ደንበኛው በልብሱ የናቀውን ሰው ምክር አይሰማም ብለው ያምኑ ነበር።

ከ1950 ዓ.ም. እስከ 1967 ዓ.ም. ድርጅቱን ሲመሩ፣ ከአስተዳደር ትምህርት ቤት ገና የወጡ ወጣቶችን በብዛት መቅጠር ጀመሩ። ፋብሪካ አስተዳድሮ የማያውቅ ወጣት ጠጕሩ ለሸበተ ሥራ አስኪያጅ ምን ሊመክር ይችላል የሚል ተቃውሞ ተነሣ። ተቃውሞው ዛሬም አላበቃም፤ ደግሞም ከንቱ አይደለም። የሚሰጠው መልስ፣ ልምድ ያለው ሰው ከቀድሞ ሥራው የለመደውን መፍትሔ ይዞ ይመጣል፤ ወጣቱ ግን ጥያቄ ይዞ ይመጣል የሚል ነው።

ሥራው ወደ ውጭ አገር የተሻገረው ሼል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ የቬኔዙዌላ ሥራውን ባስመረመረ ጊዜ ነው። በ1959 ዓ.ም. በሎንዶን ቢሮ ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ በአውሮፓ ታላላቅ ኩባንያዎች ዘንድ የተሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፤ ይኸውም ኩባንያው በየሸቀጡ ወይም በየአገሩ በክፍል በክፍል ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል ለትርፉና ለኪሣራው ራሱ ኀላፊ ይሁን የሚል ነው። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥያቄን ሙያው ያደረገ ሰው አንድን መልስ በየአገሩ ይዞ ሲዞር፣ ያ የክፍል ውስጥ ክርክር ተረስቷል ያሰኛል።

ዲግሪው የማይሰጠውን ደግሞ ሁለት ሰዎች ያሳዩናል። ሚስተር ባወር በ1963 ዓ.ም. ስልሳ ዓመት ሲሞላቸው የድርጅቱን ድርሻቸውን በገበያ ቢሸጡ ታላቅ ሀብት ያገኙ ነበር፤ እሳቸው ግን በሒሳብ መዝገብ በተጻፈው ዝቅተኛ ዋጋ ለባልደረቦቻቸው ለቀቁ። በ2003 ዓ.ም. በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ሞቱ። ሕንድ አገር የተወለዱት ሚስተር ራጃት ጉፕታም በ1973 ዓ.ም. ከዚያው ትምህርት ቤት በዚያው ዲግሪ ተመርቀው፣ ከ1994 እስከ 2003 ዓ.ም. ያንኑ ድርጅት መርተዋል። ከዚያ ከወጡ በኋላ የአንድ ታላቅ ባንክ የቦርድ አባል ሳሉ፣ የቦርዱን ምሥጢር አክሲዮን ለሚነግድ ወዳጃቸው በማካፈል በ2012 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብለው ሁለት ዓመት እሥራት ተፈረደባቸው። ድርጅቱም ራሱ ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ መድኀኒት ለሚሸጡ ኩባንያዎች ስለ ሰጠው ምክር ተከሶ፣ በ2021 ዓ.ም. ለአሜሪካ ግዛቶች ከ570 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።